«ቀላል ነው» ለማን?

በኮምፒዩተር ክፍላችን ደጋግመን የምንሰማው ቃል አለ፤ «ቀላል ነው!» የሚል። እንደው ለመሆኑ ቀላልነቱ ለማን ነው?

የቢሮ ሥራ ፕሮግራሞችን ቀላል የሚያስመስላቸው በመጀመሪያ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ማይክሮሶፍት ኦፊስ የቆየው የትእዛዝ ዝርዝር ተነሥቶ በምትኩ በትንንሽ ሥዕሎች የተሞላ ሰፊ መደብ ሲመጣ፣ ለዓመታት የሠሩበት ሰዎች እንኳ የሚያውቁትን ትእዛዝ ፍለጋ ተቸግረዋል። ዛሬ በዚሁ የጀመረ ሰው ደግሞ ሊብሬኦፊስ ፊት ሲቀመጥ «ይኼ ምን ጉድ ነው?» ይላል። የአማርኛ ጽሕፈትም እንዲሁ ነው። «ለ»ን በላቲኑ «ኤል» መጻፍ ላቲኑን ለለመደ ጣት ጨዋታ ነው፤ ላልለመደ ግን ድርብ ሥራ ነው።

ሁለተኛው፣ ከምናውቀው ነገር ጋር መመሳሰሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዳን ብሪክሊን የተባለ የሃርቫርድ ተማሪ፣ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሒሳብ ሠንጠረዥ ሲሠሩ፣ አንድ ቁጥር በተለወጠ ቁጥር ተከታዮቹን እየደመሰሱ እንደገና ሲጽፉ ያያል። ከዚህ በተነሣ ሐሳብ ከባልደረባው ከቦብ ፍራንክስተን ጋር የሠራው ቪዚካልክ በ1979 ለገበያ ቀረበ። መልኩ ሰው የሚያውቀው ሠንጠረዥ ነው፤ አንዱ ቁጥር ሲታረም የቀረውን ራሱ ያሰላል።

ሦስተኛው፣ ስሕተትን ይቅር ማለቱ ነው። «ኮንትሮል» እና «ዜድ» አንድ ላይ ሲነኩ የተበላሸው ይመለሳል። ይኸን ያወቀ ሰው መንካት አይፈራም።

ታዲያ ኮምፒዩተር እዚህ ገብቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የነካ ጓደኛችን «ቀላል ነው» ሲባል ምን ይሰማዋል? «አንተ ደደብ ነህ» የተባለ ይመስለዋል። ያፍራል፤ ጥያቄውን ዋጥ አድርጎ ይወጣል። ነገ ግን የተማሪዎችን ውጤት መዝግቦ የሚደምረው፣ ፈተና የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ዛሬ ያልጠየቀውን ያን ጊዜ ማንን ይጠይቅ?

ስለዚህ ሐሳብ እናቅርብ። የመጀመሪያው ሰዓት ማስቀመጥንና ስሕተት መመለስን ለመማር ይዋል። ቀጥሎ «እዚህ ጋ ንካ» ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሚነካ ይነገር፤ ቦታው ቢቀየርም ምክንያቱ አይጠፋምና። የምናውቅ ደግሞ ማውዙን ከጓደኛችን እጅ መንጠቁን እንተው።

ለሚያውቅማ ሁሉም ቀላል ነው። የመምህር ሥራ ለማያውቀው ማቅለል ነው!