የአክሱም ወርቅ በማን ሚዛን?

የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ የአክሱም ንጉሥ አፄ ካሌብ ወደ ደቡብ ዓረቢያዋ ሂምያር ለመዝመት በሚዘጋጁበት ጊዜ በአክሱም ወደብ በአዱሊስ ነበር። በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ሶፓትሮስ ስለሚባል ነጋዴ ያወራል። ሶፓትሮስ ከአዱሊስ ሰዎች ጋር ተሳፍሮ የዛሬዋ ስሪላንካ ሲደርስ የፋርስ መርከብም እዚያው ወደብ ገብቶ ነበር። የደሴቲቱ ንጉሥ «ከሮምና ከፋርስ ነገሥታት ማን ይበልጣል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሶፓትሮስ የሁለቱን ገንዘብ እንዲያስተያይ ነገረው። የሮሙ የሚያብረቀርቅ፣ ቅርጹ ያማረ ወርቅ ነው፤ የፋርሱ ብር። ንጉሡ ለወርቁ ፈረደ። ኮስማስ ግን አንድ ነገር ሳይደብቅ ያክላል፤ ወደዚያ አገር የሚላከው ሳንቲም ተመርጦ ነው። ዳኛው ያየው እንግዲህ የሮምን ገንዘብ ሁሉ ሳይሆን ከመካከሉ የተለቀመውን ነው። ዛሬም የጥንት ወርቅ ገበያ የሚፈርደው እንደዚያው ነው፤ ያልተነካውንና የሚያብረቀርቀውን ከላይ ያስቀምጣል። በዚህ ሚዛን የአክሱም ወርቅ ሲመዘን የሚጎድለው ሳንቲሙ ሳይሆን ሚዛኑ ነው።

የቢዛንታይን (የምሥራቅ ሮም) ወርቅ መመዘኛ በራሱ ቦታ የረባ እውቀት ነው። ቆስጠንጢኖስ የጀመረው ሶሊደስ የተባለ የወርቅ ሳንቲም 4.5 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ለብዙ መቶ ዓመታትም ንጹሕ ለማለት የሚያስደፍር ወርቅ ነበር። ወርቅ አይዝግም፤ ነገር ግን ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይፋቃል። ስለዚህ አዋቂ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ከፍ ከፍ ያሉትን ቦታዎች፣ የንጉሡን አፍንጫ፣ ጉንጭና የዘውዱን ጫፍ ነው። ቀጥሎ ጠርዙ ተሸርፎ እንደሆነ፣ ለጌጥ ተበይዶ የነበረበት ምልክት እንዳለ ይመረምራል። ከሁሉ የሚከብደው በአጠቃቀም ያለቀውን ከመጀመሪያውም በደንብ ካልታተመው መለየት ነው። ፊቱ ጠፍጣፋ ሆኖ የወርቁ የመጀመሪያ ቆዳ በላዩ ካለ፣ ማተሚያው አርጅቷል ወይም ምቱ ደክሟል እንጂ ሳንቲሙ አላለቀም። ይህን መለየት የማይችል ዓይን ስለ ይዞታም ሆነ ስለ ውበት ባይፈርድ ይሻላል።

የአክሱሙ ግን ሌላ ነገር ነው። ንጉሥ እንዱቢስ በ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ያስቀረጸው 2.7 ግራም ገደማ ነበር፤ ከ4ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ወደ 1.6 ግራም ወረደ። በዚህች ትንሽ ክብ ላይ የንጉሡ ምስል በሁለቱም ገጽ ይታያል፤ በአንዱ ዘውድ ደፍቶ፣ በሌላው ሻሽ አስሮ፣ ግራና ቀኙን የእህል ዛላ ከቦት። ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ ግሪክኛ ነው፤ ንጉሥ ወዜባ ግን ግዕዝን በወርቁ ላይ አስቀርጿል። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል በሳንቲሙ ላይ የነበረችው የጨረቃ ምልክት ቦታዋን ለመስቀል ለቀቀች። ውበቱ ያለው በጠባብ ቦታ ላይ በመስመር በተሠራው ሥርዓት ላይ እንጂ በፊት ሥጋና ጥላ ላይ አይደለም። የሶሊደስን ፊት ለምዶ የመጣ ሰው ይህን «ሻካራ» ቢለው የሌላ ጥበብ መስፈርት ይዞ መጥቷል ማለት ነው።

ይዞታውም እንዲሁ ነው። ሕንድ ውስጥ ከተገኙት የአክሱም ወርቆች አንዳንዶቹ ከንጉሡ ራስ በላይ ሁለት ቀዳዳ አላቸው። ለገበያ መዝጋቢ ቀዳዳ ጉዳት ነው፤ ዋጋ ይቀንሳል። የበሳው ሰው ግን ምስሉ ቀጥ ብሎ እንዲንጠለጠል ተጠንቅቋል፤ ፊቱንም አልነካም። ያ ቀዳዳ የአዱሊስ ወርቅ ባሕር ተሻግሮ የሰው አንገት ላይ መዋሉን ይመሰክራል። የመን ውስጥ ኤደን አጠገብ አል መዳሪባ ከተገኘው ክምችት 868ቱ የአክሱም፣ 326ቱ የሮም ወርቅ ነበሩ። ሁለቱ አብረው መቀበራቸው የዘመኑ ሰው የአክሱምን ወርቅ ከሮሙ ጎን የሚቀመጥ ሀብት አድርጎ እንደያዘው ያሳያል።

የሚቃወም ሰው «የአክሱም ወርቅ እኮ እየተበረዘ ሄዷል፤ የኋለኞቹ ነገሥታት ግሪክኛም ተበላሽቷል» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ከ90 በመቶ በላይ ወርቅ ሲሆኑ የመጨረሻዎቹ በጉልህ ወርደዋል፤ የቅርጹም እጅ ደክሟል። ይሁን እንጂ ቁስጥንጥንያም በ11ኛው መቶ ዘመን ወርቋን በርዛለች፤ በዚያ ምክንያት የዩስቲንያኖስን ሶሊደስ የሚያጣጥል የለም። የኋለኞቹን ነገሥታት ዘመን ድካም ወደ ኋላ ወስዶ በእንዱቢስ ላይ መጫንም ተገቢ አይደለም። ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ የጋራ መለኪያ ከሌለ ገዢ ይታለላል፤ አስመሳይ ይበዛል። መለኪያው ይኑር። ቀዳዳውን፣ ጭረቱንና ክብደቱን በትክክል ይመዝግብ። ስህተቱ የሚጀምረው የመዘገበውን ሁሉ ጉድለት ብሎ ሲጠራ ነው።

ይህ ስህተት በእጅ የሚዳሰስ ጉዳት የሚያደርስበት ቦታም አለ። የአክሱም አንጥረኞች በብርና በነሐስ ሳንቲሞች ላይ ከንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መካከል ስስ ወርቅ ይለብጡ ነበር። በዘመኑ ገንዘብ ይህን ያህል የተለየ ሥራ አይገኝም። ወርቁ ለዐይን የሚያስቸግር ቅንጣት ሆኖ በአረንጓዴ ዝገት ስር ሊደበቅ ይችላል። «ያምርለት» ተብሎ በአሲድ ወይም በብሩሽ የታጠበ ሳንቲም ያንን ልባጥ ያጣል፤ የጠፋውን የሚመልስ ሙያ የለም።

ስለዚህ በአክሱም ማሳ ላይ ሳንቲም ያገኘ ገበሬም ሆነ አዲስ አበባ ብስራተ ገብርኤል ቤቱ ውስጥ ከአያት የወረሰ ሰው አይሹት፤ አይጠቡት፤ ለአንጥረኛም አይስጡት። የተገኘበትን ቦታ ይጻፉ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በድንገት የተገኘ ቅርስ ወዲያውኑ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት መነገር፣ በግል እጅ ያለውም መመዝገብ አለበት።