ቆጠረ እንጂ አላነበበም

ከማስተማር ልምምድ ከተመለስን ወዲህ በየመኝታ ክፍሉ የሚወራው ስለ ሰነፍ ተማሪ ነው። እኛ ግን አንዱን «ሰነፍ» በዝምታ ማለፍ አልቻልንም።

ልጁ የ2ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከጓደኞቹ ጋር «ሀ ሁ ሂ» እያለ የፊደል ገበታውን ከዳር እስከ ዳር ይወጣዋል። አወቀ ብለን ከመሐል «ቤ»ን ብንጠቁመው ዝም አለ። ቆይቶ ከ«በ» ጀምሮ በጣቱ እየቆጠረ ደረሰባት። እንግዲህ «ቤት» የምትለዋን ቃል ለማንበብ ሁለት ጊዜ መቁጠር አለበት፤ «ት» ላይ ሲደርስ «ቤ» ጠፍታዋለች። እኛስ ምን አደረግን? ሰሌዳው ፊት አቁመን አስነበብነው። ልጆቹ ሳቁ። በማግስቱ ቀረ።

በፊደል የዘገየ ሁሉ ዲስሌክሲያ አለበት አንልም፤ ሐኪሞችም አይደለንም። ሆኖም ችግሩ መኖሩ ከታወቀ ቆይቷል። እንግሊዛዊው ሐኪም ፕሪንግል ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1896 ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጽፎ ነበር፤ ዓይኑ ጤነኛ ነው፣ ሂሳብ አይቸግረውም፣ ማንበብ ግን አቃተው። ችግሩ ያለው በአብዛኛው ድምፅን ከምልክቱ ጋር በማያያዙ ላይ ነው እንጂ በዓይን ወይም በአእምሮ ማነስ አይደለም።

የእኛ ፊደል ደግሞ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር 33 በ7፣ 231 ቅርጽ አለው። «ቡ» ጭረቷ ከወገቧ ነው፣ «ቢ» ከእግሯ። ሳድስማ ወጥ ሥርዓት የለውም፤ «ል»ን ያወቀ «ር»ን በዚያ አያገኛትም። ፊደሉን ለይቶ እንኳ ሌላ ጣጣ አለ፤ «ዋና» የወንዙ ዋና ነው ወይስ ዋናው ጉዳይ? መጥበቅና መላላቱ አይጻፍማ!

ገበታውን በኅብረት ማስጮህ ይቅር አላልንም። ግን ጩኸቱ ይህን ልጅ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ፊደሉን እያዘበራረቅን፣ ሦስት አራቱን ብቻ እየያዝን፣ ከድምፁ ጋር ደጋግመን እናሳየው። ሳይዘጋጅ በክፍሉ ፊት አናስነብበው። የኅብረተሰብና የሳይንስ ጥያቄውን በቃል ብንጠይቀው ምን ይጎድልብናል? (በኩርኩም ተምረን እዚህ ደርሰናል የሚሉ ጓደኞች አሉ፤ በኩርኩም ትምህርቱን ጥሎ የሄደው ግን እዚህ መጥቶ አይመሰክርም።)

ልጁ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ከኋላ ተቀመጠ። ልምምዳችን አልቆ ስለነበር ምንም አላደረግንለትም። የሥነ ልቦና መምህራኖቻችን ከሚቀጥለው ልምምድ በፊት ስለዚህ ጉዳይ አንድ ክፍለ ጊዜ እንዲሰጡን እንጠይቃለን።