«መድኃኒት» የምንለው መርዝ

እንዲያው ልብ ብለን ብናየው፣ ለትኋን የሚረጨውን «የትኋን መድኃኒት»፣ እህል ውስጥ የሚጨመረውን «የነቀዝ መድኃኒት» እንላለን። ቲማቲምና ሽንኩርት ላይ የሚረጨው ደግሞ ባጭሩ «መድኃኒት» ነው። ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ የግብርና ባለሙያውም፣ እኛ እጩ መምህራንም ሳንቀር እንዲህ ነው የምንለው። መድኃኒት ግን በሽተኛ የሚድንበት ነገር ነው። ሰው መድኃኒትን አይፈራውም፤ አልሻለው ሲል መጠኑን ይጨምራል፤ የተረፈውን ለጎረቤቱ ያካፍላል፤ አልጋው ራስጌ ያስቀምጠዋል። መርዝን በመድኃኒት ስም የጠራ ሰው እንደ መድኃኒት ቢይዘው ታዲያ ምን ይገርማል? በእኔ አስተያየት በፀረ-ተባይ ሳቢያ ከሚደርሰው ጉዳት ብዙው የሚጀምረው ከዚህች ቃል ነው። ቃል ማቃናት ደግሞ ከማንም በፊት የመምህር ሥራ ነው።

«ምነው፣ የግብርና ኮሌጅ ገባን እንዴ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አልገባንም። ነገር ግን ከመካከላችን ገጠር የሚደርሰው ጥቂት አይደለም፤ በቀበሌው ውስጥ የባዕድ ፊደል ያነባል ተብሎ የሚታመነውም መምህሩ ነው። አንድ አባወራ ከገበያ የገዛትን ጠርሙስ ይዘው መጥተው «መምህር፣ እስቲ ይህችን ያንብቡልኝ» ቢሉን ምን እንመልሳለን? በጠርሙሱ ጽሑፍ ግርጌ እንደ መቀነት የዞረው ባለ ቀለም መስመር ምን ማለት እንደሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን? ቀይ ከሆነ እጅግ አደገኛ ነው። ቢጫ መካከለኛ፣ ሰማያዊ አነስ ያለ አደጋ ያለው፣ አረንጓዴ ደግሞ በአግባቡ ከተያዘ ብዙም የማያሰጋ ማለት ነው። (አረንጓዴም ቢሆን አይጠጣም፤ ይህንንም መናገር ያስፈልጋል።) ትምህርቱ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ቀለም ያያል።

እኛ ሥላሴ አካባቢ ያለን ሰዎች ነገሩ የገበሬ ጣጣ ብቻ ይመስለናል። የፒያሳው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት እስኪዛወር ድረስ የስምጥ ሸለቆው ቲማቲምና ሽንኩርት የሚራገፈው እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነበር። ገበያው ራቀ እንጂ ቲማቲሙ አልራቀም። ከተረጨ በኋላ እስኪለቀም ድረስ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት በጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ ዋጋ ሲወደድ ያንን ቀን የሚጠብቅ ስንት ነው? በየቤታችንስ? ስም የሌለው ፈሳሽ በሃይላንድ ተቀድቶ መንገድ ዳር ይሸጣል። ሕፃን ልጅ ውኃ መስሎት ቢያነሣው ሐኪሙ ምን ጠጣ ብሎ ይርዳው? ስም የለውማ! የእህሉ ክኒን ደግሞ ከዚህም ይብሳል። አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው፤ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ነቀዙን የሚገድለው ጋዙ ነው። ሰው በሚተኛበት ቤት እህል ውስጥ ከተጨመረ ጋዙ ነቀዝና ልጅ አይለይም።

ወደ ማሳው እንመለስ። በመቂና በዝዋይ አካባቢ በአትክልት አምራቾች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያገኙት ያለ ጓንትና ያለ ጭምብል መርጨትን፣ ሁለት ሦስት ዐይነት መርዝ ባንድ ላይ መበጥበጥን፣ ባዶውን ዕቃ አጥቦ ለውኃ ወይም ለዘይት ማዋልን ነው። ይህን የምለው ገበሬውን ለመውቀስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ከደቡብ አሜሪካ የመነጨች ቱታ አብሶሉታ የምትባል የቲማቲም ተባይ አገራችን ገባች። ትሏ ቅጠሉን ሰርስራ ውስጡ ስለምትኖር የሚረጨው ሁሉ አያገኛትም። ደጋግሞ በተረጨ ቁጥር ደካሞቹ ይሞታሉ፤ መርዙን የሚቋቋሙት ይተርፋሉ፤ የሚዋለዱትም እነዚሁ ናቸው። ትሏን ይበሉ የነበሩት ነፍሳት ግን አብረው ያልቃሉ። ገበሬው «መድኃኒቱ ደከመ» ይልና መጠኑን ይጨምራል። መድኃኒቱ አልደከመም፤ ትሏ በረታች እንጂ። የተፈጥሮ ምርጫ የሚባለውን ትምህርት ሁልጊዜ በቀጭኔ አንገት ከምናስተምር በዚህች ትል ብናስተምር ተማሪው ቤቱ ይዞት በገባ ነበር።

ዲዲቲም የገጠመው ይኸው ነው። ለወባ መከላከያ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ለብዙ ዘመን ሲረጭ ኖረ፤ ትንኟ ስለተላመደችው እ.ኤ.አ. ከ2010 ገደማ ጀምሮ በሌሎች ተተካ። ለግድግዳ የመጣው ወደ ማሳ መሻገሩም አልቀረ። ጫት ላይ ዲዲቲ መገኘቱን የታተሙ ምርመራዎች አሳይተዋል።

የእርጭት ዘመቻ የሚተወውን ዕዳ አገራችን አንድ ጊዜ ቆጥራዋለች። ለአንበጣና ለተምች እየተባለ፣ ገሚሱም በርዳታ እየመጣ ለዐሥርት ዓመታት የተጠራቀመ፣ ጊዜው ያለፈበት ፀረ-ተባይ በየመጋዘኑ ተከማችቶ ሲቆጠር ከ3,000 ቶን በላይ ሆኖ ተገኘ። ዲልድሪን፣ ሊንዴን፣ ዲዲቲ፤ በርሜሉ ዝጎ የሚያንጠባጥብም ነበረበት። ማቃጠያው እዚህ ስላልነበረ፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አስተባባሪነት ብዙው እየታሸገ በመርከብ ተጭኖ ፊንላንድ ድረስ ተወስዶ ተቃጠለ። በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ወጣበት። በነፃ የመጣ ነገር!

ሕግስ የለንም ወይ? አለን እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1990 ልዩ ድንጋጌ ቁጥር 20 ወጣ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ተተካ። ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ ማስገባትም ሆነ መሸጥ ክልክል ነው። ዲዲቲና መሰሎቹን የሚመለከተውን የስቶክሆልም ስምምነትም አገራችን እ.ኤ.አ. በ2003 ተቀብላለች። አዋጁ ግን ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ሃይላንዱ ጉሊት ላይ ነው። ተቆጣጣሪ በየጉሊቱ ማቆም ለማንም መንግሥት ይከብዳል። የሚገዛው ሰው «ስሙ የታለ? የታሸገበት ዕቃ የታለ?» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ግን የሚቻል ነው፤ እሱ የእኛ ድርሻ ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ ተምች ማሳውን ሲጨርሰው ገበሬው ቆሞ ይመልከት?» የሚል ክርክር ይነሣል። ተገቢ ክርክር ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አንበጣ አገሩን ሲወር ያለ እርጭት ይመለስ ነበር ብዬ አልከራከርም፤ አይመለስም ነበር። የተቀናጀ የተባይ መከላከል የሚባለውም መርጨት ክልክል ነው አይልም። የሚለው፦ አስቀድመህ ማሳህን እይ፣ ተባዩን እወቅ፣ ጠላቱን እወቅ፣ ጉዳቱ ከእርጭቱ ወጪ መብለጥ አለመብለጡን አመዛዝን፣ ሌላው ሁሉ ካልበቃ በመጨረሻ የተመዘገበውን፣ በመጠኑ፣ ተሸፍነህ ርጭ ነው። እኛ ጋ ግን የመጨረሻው መጀመሪያ ሆነ፤ ሌላው ተረሳ።

የተረሳው ደግሞ ከውጭ የመጣ ጥበብ ብቻ አይደለም። እናቶቻችን ባቄላና ማሽላ ሲያስቀምጡ ጤፍ ይቀላቅሉበት ነበር። ደቃቁ ጤፍ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላ ነቀዙ መንቀሳቀሻ ያጣል። ዛሬ አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነቀዙን ያለ ክኒን አፍኖ ይገድለዋል። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች በቆሎው ላይ ሲወርድ ብዙ ገበሬ በእጁ እየለቀመ ተከላክሏል። በበቆሎው መካከል ዴስሞዲየም የሚባል የመኖ ተክል፣ በማሳው ዳር የዝሆን ሣር ሲተከል ደግሞ የመጀመሪያው በሽታው የአገዳ ቆርቁርን እናት ያባርራታል፤ ሁለተኛው ወደ ራሱ ይጠራታል። ዴስሞዲየሙ አቀንጭራን ጭምር ያዳክማል፤ ከብቱም ይበላዋል። በአርባ ምንጭ አካባቢ የጥጥ ገበሬዎች ጠቃሚ ነፍሳትን የሚስብ ምግብ ነክ ፈሳሽ እየረጩ ተባዩን በጠላቱ ማስበላትን ተምረዋል።

ማየት የሚያመጣውን ውጤት ለማስረዳት ዶክተር አክሊሉ ለማን ብጠቅስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ልብስ አጣቢና እንዶድ ከዚያ በፊት ስንት ሺህ ሰው አይቷል! እሱ ግን ለምን ብሎ ጠየቀ፤ ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ነበርና።

ስለ ማስተማሪያ ዘዴውም አንድ ነገር ልበል፤ አሠልጣኞቻችንን የሚመለከት ነው። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ1986 በሩዝ ላይ ይረጩ የነበሩ 57 የፀረ-ተባይ ዐይነቶችን አገደች፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የገበሬ የመስክ ትምህርት ቤት ተጀመረ። ሰሌዳም ሌክቸርም የለበትም። ገበሬዎቹ በየሳምንቱ ማሳ ወርደው ያዩትን ነፍሳት ቆጥረው፣ በወረቀት ሥለው፣ «ይህ ወዳጅ ነው፣ ይህ ጠላት ነው» እየተባባሉ ተከራክረው ይወስናሉ። እኛ ተማሪ-ተኮር ዘዴ እያልን በማስታወሻ የምንገለብጠውን እነሱ ጭቃ ውስጥ ቆመው ሠርተውታል።

ስለዚህ ለሳይንስ ክፍል አሠልጣኞች ያለኝ ጥያቄ ትልቅ አይደለም። በግቢያችን ጥግ ጎመንና ቲማቲም የሚበቅልባት አንዲት መደብ ትሰጠን፤ ምንም ሳይረጭባት ክሽክሹና ክሽክሹን የሚበላው ጥንዚዛ ስንት ስንት እንደሆኑ በየሳምንቱ እንቁጠር፤ ቁጥሩም እዚሁ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ለማስተማር ልምምድ ወደየትምህርት ቤቱ ስንወጣ ደግሞ በአካባቢው ሱቅ የሚሸጠውን ፀረ-ተባይ የጽሑፉን ፎቶ ብቻ (ባዶ ጠርሙስ ማንም እንዳይሰበስብ!) አንሥተን እናምጣና በክፍል አብረን እናንብበው። ቦታው ካፊቴሪያው ጀርባ አለ፤ መቆፈሪያውን እኛ እናመጣለን። የክፍሉን መልስ በሚቀጥለው እትም እንጠብቃለን።