ኤክስ የተደረገበት ትክክለኛ መልስ

የማጀቴ ገበያ ያሳደገውን ልጅ ሒሳብ አይችልም ማለት ይከብዳል። እኔ ግን ብያለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለሁ «አንድ ኪሎ ማሾ 48 ብር ቢሸጥ 25 ኪሎ ስንት ያወጣል?» ብዬ ጠየቅሁ። ልጆቹ ሁሉ ቁጥሩን ቁልቁል ደርድረው ማባዛት ያዙ። አንዱ ግን 1200 ብሎ ጽፎ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ስሌት የለውም። ቀድቷል ብዬ ኤክስ አደረግሁበት። ከማን እንደሚቀዳ እንጃ፣ ከሁሉም ቀድሞ የጨረሰው እሱ ነበር!

በእረፍት ሰዓት መጣና «ኩንታሉ 4800 ነው ቲቸር፤ ግማሹ 2400፣ ሩቡ 1200» አለኝ። 25 ኪሎ የኩንታል ሩብ መሆኑን ከገበያ እንጂ ከእኔ አልተማረም።

«ይህ ዘዴ ለ25 ይሠራል፣ ለ27 ሲሆንስ?» የሚሉ መምህራን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን መጠየቅ ያለበት ልጁ ነው። በማግሥቱ ጠየቅሁት። በ1200 ላይ የሁለት ኪሎ 96 ብር ጨምሮ 1296 አለ። 37 ስለው ግን ትንሽ ተንገዳገደ። ቁልቁል ማባዛት ለምን እንደሚጠቅም ለልጅ የሚገባው እኮ እዚያ ላይ ነው።

ለአንድ መልስ ሁለት መንገድ ላገራችን እንግዳ አይደለም። በባሕረ ሐሳብ መጥቅዕን የሚፈልግ ሰው ወንበሩን በ19 አባዝቶ በ30 ይገድፋል። አበቅቴውን አስቀድሞ ያወቀ ግን ከ30 ላይ ቀንሶት ያርፋል። የ2016 ዓ.ም. ወንበር 10 ነበር፤ በ19 ሲባዛ 190፣ በ30 ሲገደፍ ቀሪው 10። አበቅቴው 20 ነውና ከ30 ሲቀነስም ያው 10 ነው። አበቅቴ የሚገኘው ወንበር በ11 ተባዝቶ ስለሆነ፣ 11 እና 19 ደግሞ ተደምረው 30 ስለሚሞሉ ነው። በአቋራጩ የሄደውን ሊቅ «አልሠራህም» የሚለው የለም።

እጩ መምህራን ሆይ! በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር የመፍታት ችሎታን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር። እኛ ግን የትምህርት ዕቅድ ስናዘጋጅ «እንዴት አገኘኸው?» ለሚል ጥያቄ አምስት ደቂቃ እንኳ አንመድብም። ክፍሉ ጢም ብሎ የሞላ ነው፣ አውቃለሁ፤ ሁሉን መጠየቅ አይቻልም። ሁለት ልጅ ሰሌዳ ላይ ማውጣት ግን ይቻላል። መምህሮቻችንም ልምምዳችንን ሲገመግሙ የሰሌዳ አጻጻፋችንን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ቢመለከቱልን ምን አለበት?

የዚያን ልጅ ኤክስ ሰርዤ ራይት አድርጌለታለሁ። በሚቀጥለው ፈተና ግን 50 ኪሎ ስንት ያወጣል ብለው፣ ቁጥሩን ቁልቁል ደርድሮ ሲያባዛ አየሁት።