የነጋዴው መዝገብ ቤት፦ ሳይገጥም አይገዛ

ከሞጆ እስከ አዳማ፣ ከመቂና ከባቱ እስከ ሻሸመኔ ባለው የንግድ መሥመር ላይ የሚሠራው የእህል ጅምላ ነጋዴም ሆነ ትራንዚተር ወይም የጭነት መኪና ባለንብረት አንድ የጋራ ችግር አለበት። ይኸውም የሰነድ ችግር ነው። ዲክላራሲዮኑም፣ ውሉም፣ የሒሳብ መዝገቡም በአንድ ላፕቶፕ ላይ ይቀመጥና ላፕቶፑ የተበላሸ ዕለት ሥራው ይቆማል። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝም ቢሆን በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሆነ፣ እንደ አዳማ ባለ ሞቃት ከተማ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ይነጣል። ለግብር መርማሪ ደግሞ የነጣ ወረቀት አይቀርብም።

በኢንተርኔት ላይ አስቀምጠን እንገላገል የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ክፍያው ብዙውን ጊዜ በውጭ ምንዛሪ ነው። በዚያ ላይ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት መቆየቱን የረሳ ነጋዴ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ብዙዎች በቢሮአቸው ወይም በቤታቸው የራሳቸውን የፋይል ሰርቨር ለመገጣጠም መነሣታቸው ተገቢ ነው። የዚህ ጸሐፊ ቅሬታ በአገዛዛቸው ላይ ነው።

አንድ የማውቃቸው የአዳማ ጅምላ ነጋዴ ባለፈው ዓመት የሆነባቸውን ልንገራችሁ። ከዱባይ የመጣ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒዩተር በርካሽ አገኙ። አራት ሃርድ ዲስክ ጨመሩ። ቤት ወስደው ሲከፍቱት ኬዙ የሚይዘው ሁለት ዲስክ ብቻ ሆነ። ፓወር ሰፕላዩ ለአራት አይበቃም፤ እንለውጠው ሲባል የፋብሪካው የራሱ ሶኬት ስላለው ገበያ ላይ ያለው አይገባለትም። ተጨማሪ ሚሞሪ ገዙ፤ እሱም ለትልልቅ ሰርቨሮች የሚሠራው "ሬጂስተርድ" የሚባለው ዓይነት ኖሮ ማሽኑ ጭራሽ አልነሣም አለ። ሻጩ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም አሏቸው። ሰውየው በርካሽ ጀምረው አዲስ ሰርቨር የሚገዛ ገንዘብ ከሰከሱ።

በኢኮኖሚክስ ትምህርት ተደጋጋፊ ዕቃዎች የሚባሉ አሉ፤ አንዱ ያለ ሌላው ዋጋ የለውም። የኮምፒዩተር ዕቃ የዚህ ዓይነት ነው። የአንዱ ክፍል ዋጋ መርከሱ ትርፍ የሚሆነው ከሌላው ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ያለ ቦታው የተገዛ አንድ ካርድ ትንሽ ስሕተት አይባልም።

በመጀመሪያ ፍላጎት ይለካ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የሒሳብ መዝገብ ለ10 ዓመት እንዲጠበቅ ያዝዝ ነበር። ሕጉ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ቢተካም፣ 10 ዓመትን መለኪያ አድርጎ መያዝ ለነጋዴ የሚበጅ ነው። በቀን 100 ገጽ፣ በዓመት 300 ቀን፣ ለ10 ዓመት ስካን ቢደረግ 300,000 ገጽ ይሆናል። አንዱ ገጽ 1 ሜጋባይት ቢይዝ ድምሩ 300 ጊጋባይት ነው። አራት ዲስክ ምን ያደርጋል? እርስ በርስ የሚገለባበጡ ሁለት ጥሩ ዲስኮች ይበቃሉ። የጥበቃ ካሜራ ግን ሌላ ሒሳብ ነው። በሴኮንድ 4 ሜጋቢት የሚልክ አንድ ካሜራ በቀን 43 ጊጋባይት ያህል፣ አራት ካሜራ በወር ከ5 ቴራባይት በላይ ይበላል። ካሜራው በራሱ መቅጃ ይቅር፤ ከሰነድ ጋር አይደባለቅ።

ዲስክ ሲገዛ ሁለት ነገር ይጠየቅ። አንደኛው አጻጻፉ ነው። ኤስኤምአር በሚባለው ዓይነት መረጃው እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ ስለሚጻፍ፣ የተበላሸ ዲስክ ተተክቶ ጥንዱ እንደገና ሲገለበጥ እጅግ ይንቀራፈፋል፤ አንዳንዴም ሥራው ይከሽፋል። ዌስተርን ዲጂታል በ2020 (እ.ኤ.አ.) ለሰርቨር ብሎ ከሚሸጣቸው "ሬድ" ዲስኮች ውስጥ ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ያሉት የዚህ ዓይነት መሆናቸውን አምኗል። ከዚያ በኋላ "ሬድ ፕላስ" የሚለው ስም ሲኤምአር ለሚባለው ለደኅናው ዓይነት ተሰጥቷል። ሁለተኛው ዕድሜው ነው። በ2025 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በጀርመን ገበያ ለብዙ ሺሕ ሰዓት የሠሩ የሲጌት ዲስኮች አዲስ ተብለው ሲሸጡ ተገኝተዋል። እዚያ የሆነ እዚህ አይሆንም ማለት አይቻልም። ስለዚህ ዲስኩ በገዢው ፊት ይሰካ፤ የሠራበት ሰዓት ከራሱ መዝገብ ይነበብ። ሳስ የሚባለው ዲስክ ደግሞ በርካሽ ቢገኝም በተራ ማዘርቦርድ የሳታ ሶኬት ላይ አይሠራም።

ማዘርቦርዱ ዲስኮቹን የሚችል በቂ የሳታ ሶኬት ያለው ይሁን። ስሕተትን የሚያርመው ኢሲሲ ሚሞሪ ቢገኝ መልካም ነው፤ ነገር ግን ፕሮሰሰሩም ማዘርቦርዱም ካልተቀበሉት ገንዘብ መጣል ነው። ሶፍትዌሩ በነጻ ይገኛል። ትሩናስ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ይፈልጋል። ማሽኑ አሮጌ ከሆነ ኦፕንሚዲያቮልት ይቀልለዋል። ስዊቹም አይረሳ። አሮጌው ባለ 100 ሜጋቢት ስዊች በሴኮንድ 11 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ሲያሳልፍ፣ ባለ ጊጋቢቱ ከ100 በላይ ያሳልፋል። ከአሮጌው ስዊች ጀርባ የቆመ ውድ ሰርቨር በጠባብ በር እንደሚወጣ የጭነት መኪና ነው።

የአዳማ ሰው በጋራው ላይ የንፋስ ተርባይኖች ሲዞሩ እያየ መብራት ይጠፋበታል። ስለዚህ ዩፒኤስ ቅንጦት አይደለም። ዩፒኤሱ ባትሪው ሳያልቅ ሰርቨሩ በሥርዓት እንዲዘጋ በዩኤስቢ ገመድ የሚነግር፣ ሶፍትዌሩም የሚያውቀው ዓይነት መሆን አለበት። አንዳንድ ርካሽ ዩፒኤሶች በባትሪ ሲሠሩ የሚሰጡት ኃይል ከዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ ጋር አይስማማም፤ መብራት ጠፍቶ ሊያገለግሉ በተፈለጉበት ሰዓት ማሽኑ ጥፍት ይላል። መንቀያ ተነቅሎ ሳይሞከር ገንዘብ አይከፈል። ለአቧራውና ለሙቀቱም ማጣሪያ ያለው ኬዝና አየር የሚገባበት ቦታ ይፈለግ።

ለደላሎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። "ይገጥማል" ማለት ቀላል ነው። ገጥሞ ባይገኝ ሻጩ እንደሚለውጥ በደረሰኙ ላይ አስጽፎ ማገበያየት ግን የደላላን ስም ያስከብራል፤ ደንበኛም ያበዛል። ሁለት ሦስት ነጋዴዎች ተባብረው አንድ ዓይነት ማሽን ቢገዙም የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው ይደርሳል።

በመጨረሻም፣ ጥንድ ዲስክ አንዱ ሲሞት ያድናል እንጂ ከሌባና ከእሳት አያድንም። በየወሩ አንድ ቅጂ በውጭ ዲስክ ተገልብጦ ሞጆ ወይም አዲስ አበባ ባለ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። የገበያው ቅደም ተከተልም ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ ስንት ሰነድ እንዳለ ይቆጠር፣ ቀጥሎ ዲስኩ ይመረጥ፣ ከዚያ ዲስኩን የሚችል ማሽን ይፈለግ። የእኛ ሰው ግን ከማሽኑ ጀምሮ ወደ ሰነዱ ይመጣል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው፤ የፈሰሰው ግን የ10 ዓመት መዝገብ ከሆነ የሚለቀም ነገር አይኖርም።