የሌላ ሰው ባሕር አትሣሉ

የአዳራሻችሁን ግድግዳ እስቲ ተመልከቱት። ዘንባባ፣ ነጭ አሸዋ፣ የምትጠልቅ ፀሐይ፣ ከሥሩ ጥቅስ። መዝሙር 23 የተጻፈበት ካላንደርም ያው ነው። ከሣሉት ልጆች አብዛኞቹ ባሕር በዓይናቸው አላዩም፤ ከስልክ ነው የገለበጡት። መገልበጡን አልነቅፍም፤ እጅ የሚፍታታው እንዲሁ ነው። የምነቅፈው እዚያው መቅረታችሁን ነው።

ባሕር ባይኖረን የሐይቅ ዳር አለን፤ ያውም ዓይናችን እያየ የሚለወጥ። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ፣ ዝዋይን ስታልፉ አብያታን ታገኛላችሁ። አብያታ መውጫ ወንዝ የለውም። የሚኖረው ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ በሚመጣለት፣ ከላንጋኖ በሚደርሰውና ከሰማይ በሚወርድለት ውሃ ነው። ከላይ ያለው ውሃ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ሲሳብ፣ ዳርቻው ወደ ውስጥ ሸሸ። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተነሡ የሳተላይት ምስሎችን ያስተያየ ሁሉ ይህን ያያል። ውሃው ሲያንስ ጨዋማነቱ በረታ፤ ዓሣውም ተመናመነ። በጎረቤቱ በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ እየፈለፈሉ ከአብያታ ዓሣ ይለቅሙ የነበሩ ፔሊካኖች ገበታቸው ተነሣባቸው። ዛሬ ከድሮው ዳር ተነሥታችሁ ወደ ውሃው ስትሄዱ የምትረግጡት ግራጫ ጭቃና ነጭ የሶዳ ቅርፊት ነው።

«ይህን ማን ሳሎኑ ውስጥ ይሰቅላል? ሥዕል ሊያጽናና ይገባል» የሚል ወንድም አይጠፋም። ማጽናናትና ማታለል አንድ አይደሉም። የታመመች እናቱን ጉንጯ ሞልቶ፣ ፊቷ ወዝቶ ቢሥሉለት ልጇ አይጽናናም፤ «ይህቺ ማን ናት?» ይላል። ደግሞስ ያ ነጭ ቅርፊት ማለዳ ላይ የሰማዩን ቀለም እንዴት እንደሚቀበል ወንድማችን ቆሞ አይቶታል? ከዘንባባ ይልቅ እሱን መሣል ይከብዳል። እኔ እንደምጠረጥረው የምንሸሸው ከሐዘኑ ሳይሆን ከድካሙ ነው።

ካናሌቶ የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን የከተማውን ቤቶች ሲሥል፣ ከውሃው ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ የተጣበቀውን አረንጓዴ አልጌ እንኳ አልዘለለም። መልክ ያበላሻል ብሎ በኖራ ቀለም ቢሸፍነው ማንም አይጠይቀውም ነበር። ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ ተመራማሪዎች ያንን መስመር ዛሬ ካለው ጋር አስተያዩና ውሃው በግድግዳዎቹ ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለቱን አወቁ። በካናሌቶ ዘመን ቬኒስ ውስጥ የባሕሩን ከፍታ የሚመዘግብ መሣሪያ አልነበረም። የነበረው ቆሻሻውን መስመር ያልናቀ ብሩሽ ነው።

«አሁንማ ካሜራ አለ» ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ግን ስልካችሁን አውጥታችሁ ራሳችሁን አንሥታችሁ ትመለሳላችሁ። ሊሥል የተቀመጠ ሰው ሦስት ሰዓት ይቆያል፤ ከብት የሚያጠጣው ልጅ መጥቶ ውሃው ድሮ የት ድረስ እንደነበር በጣቱ ያሳየዋል።

የወጣቶች ኅብረት ጉዞ ሲታቀድ ሁልጊዜ ላንጋኖ ትላላችሁ አይደል? አብያታ እኮ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ዘንድሮ ከዋናው ልብስ ጋር አንድ ሸራና ጥቂት አክሪሊክ ያዙ። ውሃው የደረሰበትን፣ የሸሸበትንም ሣሉ። ከሸራው ጀርባ ቀኑንና የቆማችሁበትን ቦታ ጻፉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላው ሠዓሊ እዚያው እንዲቆም።