የሐረር ውሃ የሚበከለው ሐረር ከገባ በኋላ ነው

እኛ ሐረሮች ስለ ውሃ ስናወራ ሁልጊዜ የምናወራው ስለ ሩቁ ውሃ ነው። ድሮ ወሬው ሁሉ ሐረማያ ነበር። ሐይቁ በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ጥርግ ብሎ ሲደርቅ ወሬው ወደ ድሬ ጃራ ጉድጓዶች ዞረ፤ ቀጥሎ የሐሰሊሶ ጉድጓዶች መጡ። ከድሬዳዋ ቆላ ተስቦ፣ የደንገጎን ዳገት በፓምፕ ወጥቶ፣ አዴሌን፣ ሐረማያንና አወዳይን አልፎ፣ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘ ውሃ ነው የምንጠጣው። ይህን ሁሉ መንገድ በደህና መጥቶ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው መጨረሻዋ መቶ ሜትር ላይ፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ከተማ በጀጎል ውስጥ፣ ከደጃችን ላይ ነው።

እኔ ዕድሜዬን በቧንቧ ሥራ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ምሁር አይደለሁም፤ ጀጎል መሬት ሥር ምን እንዳለ ግን አውቃለሁ። ቱሪስት የሚያየው ከላይ ነው፦ አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ፣ በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው ቅርስ፣ አዲስ ቀለም የተቀባው ግድግዳ። ሥሩን የሚያይ የለም። ጀጎል 48 ሄክታር ገደማ ናት፤ በዚያች ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ ሞልቷል። ግራና ቀኙ የቤት ግንብ፣ መሐሉ የፍሳሽ ቦይ። የውሃ መስመሩ ሌላ ማለፊያ የለውምና ወይ ከቦዩ ጎን ይቀበራል፣ ወይ በቦዩ ውስጥ ይሻገራል።

በቦይ የተሻገረ አሮጌ የብረት ቧንቧ ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። እጅዎን በሥሩ ሲሰዱ ግን ዝገቱ ቅርፊት ቅርፊቱን እየሆነ መዳፍዎ ላይ ይቀራል። ቀድሞ የሚሄደው ጥርስ የወጣለት መጋጠሚያው ነው። እሱም ላይ አንድ ሰው የመኪና ከመነዳሪ በቁመቱ ቀዶ ጠምጥሞበት፣ በሽቦ አስሮት ሄዷል። ከመነዳሪው ሲያረጅ ሌላ ይደረብበታል። እንዲህ ሦስትና አራት ጊዜ የተጠቀለለ መጋጠሚያ፣ ከላዩ የልብስ ማጠቢያና የሽንት ቤት ትርፍ እየሄደበት፣ ሙሉ መንደር ያጠጣል።

መስመሩ ሞልቶ ሲሄድ አያሰጋም። ግፊት ስላለው ውሃው ወደ ውጭ ይባክናል እንጂ ቆሻሻ አያስገባም። ጠንቁ ፈረቃው ነው። ውሃ ሲቆም ቧንቧው ባዶውን ይቀራል፤ ታች ሰፈር ያለው ሲከፍት ከላይ ያለው መስመር ይስባል። ልጅ ለስላሳ በስትሮ እንደሚጠጣ ማለት ነው። ቀዳዳው ቦይ ውስጥ ከሆነ የሚሳበው አየር ብቻ አይደለም። አቅም ያለው ደግሞ ቆጣሪው ላይ ዲናሞ ይገጥማል፤ ሮቶውን ለመሙላት ከመስመሩ በጉልበት ሲስብ የጎረቤቱንም የቦዩንም አብሮ ይስባል። ዲናሞ ቀጥታ መስመር ላይ መግጠም ነውር ሆኖ እንዲቀር የምፈልገው ለዚህ ነው። በእኔ ግምት ከሽንት ቤቶቹ ያልተናነሰ ጥፋት ያደርሳል፤ ስለሱ ግን ትንፍሽ የሚል አላየሁም።

ፈረቃ ደርሶ ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ ደፍረስ ያለው ይወጣል። ሰው «ዝገት ነው፣ ትንሽ ይፍሰስ» ይላል። አንዳንዴ እውነትም ዝገት ነው። ብዙ ቀን ጠብቃ ጀሪካን የደረደረች እናት ግን የመጀመሪያውን ጀሪካን አትደፋም። ማን ነው ድፊ የሚላት?

ጀጎል ፍሳሽ የሚሰበስብ የቱቦ መረብ የላትም። ሽንት ቤቱ በየግቢው የተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ መምጠጫ መኪና ደግሞ ከፈረስ መጋላ አልፎ ወደ ውስጥ የሚገባበት መንገድ ጥቂት ነው። የሞላ ጉድጓድ ክረምት ሲመጣ ራሱን ያስተነፍሳል። ከተማዋ ወደ ምሥራቅ ስለምታዘነብል ሁሉም ወደ ኤረር በር ይወርዳል፤ ታች ያሉት የላዩን ሁሉ ይቀበላሉ።

በ1855 እ.ኤ.አ. ጥር ወር ሐረር የገባው እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተን ስለ መንገዶቻችን ቆሻሻ በመጽሐፉ ጽፏል። እሱ ሐረር ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በገዛ አገሩ ዋና ከተማ ሶሆ በሚባል ሰፈር አንድ የውሃ ጉድጓድ ከ600 በላይ ሰው በኮሌራ ጨርሷል። ታሪኩን ብዙ ሰው የሚያውቀው በዶክተር ጆን ስኖው ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ሰውዬ፣ የሰፈሩ ቄስ ሄንሪ ኋይትሄድ ነው። ቄሱ መጀመሪያ የተነሣው ዶክተሩ ጥፋቱ የጉድጓዱ ነው ማለቱ ስሕተት እንደሆነ ለማሳየት ነበር። ምእመናኑን ያውቃቸዋልና ቤት ለቤት እየሄደ ማን ከየት እንደጠጣ፣ ማን መቼ እንደታመመ ጠየቀ። በመጨረሻ አንዲት እናት የታመመች ሕፃኗን ጨርቅ ያጠበችበትን ውሃ የት እንደደፋች ነገረችው። ሲቆፈር የቆሻሻው ጉድጓድ ከመጠጥ ውሃው ጉድጓድ አንድ ሜትር እንኳ አይርቅም ነበር። ለማያውቁት ሐኪም የማይነገረው ለቄሱ ተነገረ።

እኛ ደግሞ አፎቻ የሚባል እድር አለን። ሰርግም ለቅሶም ሲመጣ የሚነቃነቀው አፎቻ የትኛው ቤት ልጅ እንደታመመ፣ የማን ሽንት ቤት እንደሞላና አፍሮ እንደተደበቀ፣ ማን ዲናሞ እንደገጠመ ያውቃል። ባለሙያ ቅጽ ይዞ ቢመጣ ይህን አያገኘውም። ስለዚህ የጀጎልን ውሃ ከፍሳሽ የመጠበቅ ዘመቻ በስብሰባ አዳራሽ ሳይሆን በአፎቻ ይጀመር እላለሁ። መንገድ በመንገድ ቧንቧው ቦይ የሚያቋርጥበትን ሁሉ በቀለም ምልክት እናድርግበት፤ ቀለሙ ቦዩ ድንጋይ ላይ እንጂ ቅርሱ ግድግዳ ላይ አይሁን። የሞሉ ጉድጓዶች በዝርዝር ይውጡ። መምጠጫ መኪና የማይገባበት ቤት በጋራ ክፍያ በእጅ ፓምፕና በረጅም ጎማ እንዲወጣለት ይደረግ።

ሐሳቡን ስናገር አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ውሃው ራሱ ሳይኖር ስለ ንጽሕና ታወራለህ?» አለኝ። ልክ ነው፣ ጥሙም አለ። ግን በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ባሌ ላይ ተነሥቶ አገሩን ያዳረሰው ኮሌራ ምሥራቁንም አልማረም። የውሃ እጥረትና የፍሳሽ ብክለት ሁለት ጉዳይ አይደሉም፤ ፈረቃው ነው ቆሻሻውን የሚያስገባው።

«የመንግሥት ሥራ ነው» የሚሉም አሉ። ነው እንጂ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕ አካባቢ መብት ነው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው በግሉ መጎዳቱን ሳያስረዳ አቤት እንዲል ይፈቅዳል። ግን በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ የአገር ውስጥ ማኅበር የአቃቂና የሞጆ ወንዞች ብክለት ይቁም ብሎ የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከስሶ ክሱ ውድቅ ሆኖበታል። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ማስረጃችንን ራሳችን መያዝ እንዳለብን ነው፦ የትኛው መንገድ፣ የትኛው ቧንቧ፣ በየትኛው ቀን።

ማስረጃው ውድ አይደለም። በትንሽ ብልቃጥ ውሃ ቀድቶ የክሎሪን መመርመሪያ እንክብል ጣል ማድረግ ነው፤ ክሎሪን ካለው ሮዝ ይሆናል፣ ከሌለው ቀለም አልባ ሆኖ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም በሊትር ክሎሪን ይቅርበት ይላል። ከግንቡ ውጭ ሮዝ የሆነ ውሃ ኤረር በር አጠገብ ቀለም አልባ ከሆነ በመሐል አንድ ነገር በልቶታል ማለት ነው። ያን ቀን በጀሪካኑ ላይ «ውሃ አጋር» የሚባለው የውሃ ማከሚያ ይጨመር፣ መንገዱም ይመዝገብ። መመርመሪያውን የሴቶች አፎቻ ቢይዘው እመርጣለሁ። ውሃ የትኛው ሌሊት በስንት ሰዓት እንደመጣ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ወንዱ በዚያን ሰዓት ተኝቷል።

ለኮሪደር ልማቱ የጀጎል መንገድ እየተነሣ በድንጋይ ሲነጠፍ አይተናል። ገና ያልተነጠፈ መንገድ ካለ ድንጋዩ ከመተከሉ በፊት ቧንቧው ከቦዩ ይውጣ፤ ቦታ ከሌለም ቢያንስ መጋጠሚያ በሌለው አንድ ወጥ የፕላስቲክ ቱቦ ተሸፍኖ ይሻገር። አሁን የማንንም ቤት ሳይነኩ የሚሠራ ሥራ ነው። ከተነጠፈ በኋላ ግን ቅርሱን ለማፍረስ ፈቃድ እንጠይቃለን፤ ፈቃዱ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ደግሞ አንድ ቧንቧ ለመቀየር ደጅ የጠና ሁሉ ያውቀዋል።